ትኬቱ ሁሉ በእሱ ስም

ክልላችን ያን ጊዜ «አዲስ ክልል» ይባል ነበር። ከተቋቋመ ዓመታት አልፈውታል፤ ግን አዲስነቱ ለሁሉም ነገር ምክንያት ሆኖ ያገለግለን ስለነበር ማንም ሊያስረጀው አልፈለገም። መብራት ሲጠፋ ክልሉ አዲስ ነው። ደብዳቤ ሲጠፋ ክልሉ አዲስ ነው። በሁለት ሰዓት የተጠራ ስብሰባ በአራት ሰዓት ሲጀመርም ክልሉ አዲስ ነው። እኔ በዚህ ሰበብ ደሜ ይፈላ ነበር። ቁጡ ነኝ፤ አባቴም አለቆቼም ይመሰክራሉ።

የሰፋሪ ልጅ ነኝ። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ አሶሳ ዙሪያ የሰፈረ ገበሬ ነው፤ የተወለድኩባት መንደር ስም ሳይሆን ቁጥር ነው ያላት። ከእሷ ወጥቼ፣ ተምሬ፣ አሶሳ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ጸሐፊ ሆንኩ። ሰዎች «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ «ፕሮግራም እጽፋለሁ» እላለሁ፤ እነሱም የሠርግ ወይም የሬዲዮ ፕሮግራም እየመሰላቸው «ጎሽ» ይሉኛል።

የምንጽፈው የመሬት ይዞታ መመዝገቢያ ነበር። ገበሬው መጥቶ ስሙን፣ የማሳውን ስፋትና አዋሳኞቹን ሲናገር መዝጋቢው ኮምፒውተር ላይ የሚሞላው ማለት ነው። ስድስት ሆነን አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሥራውን ተከፋፍለነዋል፤ አንዱ ካርታውን፣ አንዱ ማተሚያውን፣ እኔ ፎርሞቹን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የግቢው ጄኔሬተር ሲነሳ፣ ሰርቨሩ የስድስታችንን ሥራ ሰብስቦ ይገጣጥምና እንደሚሠራ በራሱ ይሞክራል። ይህን መገጣጠም «ቢልድ» እንለዋለን። አንዱ ቁራጭ ከሌላው ጋር አልገጥም ካለ፣ ወይም ሙከራውን ካላለፈ፣ «ቢልዱ ወደቀ» ይባላል። ቢልዱ ከወደቀ የማንም አዲስ ሥራ ወደ ምዝገባ መስኮቱ አይደርስም።

መውደቁ አልነበረም የሚያበግነኝ። ሥራ ነው፤ ይወድቃል። የሚያበግነኝ አለመነገሩ ነበር። አንድ ጊዜ ማተሚያውን የሚጽፈው ባልደረባችን የሠራው ስህተት ቢልዱን አራት ቀን ሙሉ ጥሎት ከረመ። ሁላችንም አውቀናል። ግን ሚስቱ ገና መውለዷ ነበር፤ «አሁን በዚህ ደስታው እንዴት ይነገረዋል?» ተባለ። አራት ቀን ገንፎ እየበላን፣ እንኳን ማርያም ማረችልህ እያልን፣ ሥራው ተኝቶ ዋለ። በአምስተኛው ቀን ራሱ አይቶት «ለምን አልነገራችሁኝም?» ሲል ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

እንግዲህ ይሉኝታ የማያውቅ ነገር ያስፈልጋል አልኩ። ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ቢልዱ በወደቀ ቁጥር፣ ማንም ሳያዛት፣ ይህች ፕሮግራም የብልሽት ትኬት የሚባል ማስታወቂያ ትከፍታለች። የትኛው ፎርም፣ የትኛው መስመር ላይ፣ ምን እንደተበላሸ በቀላል አማርኛ ትጽፋለች። ከዚያ መጨረሻ ላይ ሥራ ያስገባው ማን እንደሆነ ታይና ትኬቱን በስሙ ትልክለታለች። ለእሱ ብቻ። ሰው ፊት አይዋረድም፣ ማንም አፉን አይከፍትም፣ ብልሽቱም አይደበቅም። ኃላፊያችን በጣም ወደደው። እኔም ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

አሁን ስለ መስኮቱ ዳር ጠረጴዛ ልናገር። ከክፍላችን ወደ ሰርቨሩ የሚሄድ የኔትወርክ መስመር በየጠረጴዛው ተዘርግቶ ነበር፤ ነገር ግን አንዱን ምስጥ ከነሳጥኑ በላው፣ ሌላው ገና ከመጀመሪያውም አልሠራም፣ በመጨረሻ የቀረው የመስኮቱ ዳር ብቻ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ከሆሞሻ አካባቢ የመጣ የበርታ ልጅ ነበር። ልጅ እላለሁ እንጂ የሁለት ልጆች አባት ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» እያለ ያናግራል፣ ሲቸኩል ዐረብኛ ጣል ያደርጋል። የኮንትራት ሠራተኛ ነበር። ኮንትራቱ በየዓመቱ ይታደሳል ወይ አይታደስም። በዚያ ዓመት ግን ለክፍላችን አንድ ቋሚ መደብ ተፈቅዶ ነበርና መደቡ ለእሱ እንደሚሆን ሁላችንም እናወራ ነበር። እሱም ተስፋ አድርጎ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቷል፤ ሚስቱንና ልጆቹን ከሆሞሻ ሊያመጣ።

ሥራችንን ወደ ሰርቨሩ ለማስገባት ሁላችንም ፍላሽ ይዘን ወደ እሱ እንሄዳለን። እሱ ፍላሹን ተቀብሎ፣ መጀመሪያ ከቫይረስ አጽድቶ፣ ሥራውን ያስገባልናል። በገዛ ስሙ። እያንዳንዳችን በየስማችን ማስገባት አንችልም ነበር ማለት አይደለም። እንችላለን። ግን ለዚያ እሱን ከወንበሩ ማስነሳት፣ ተቀምጦ ስምና የይለፍ ቃል መጻፍ፣ እሱን ቆሞ ማስጠበቅ ያስፈልጋል። የሚሠራን ሰው ከወንበሩ ማስነሳት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ፍላሻችንን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጥና «ሲመችህ» እንላለን። ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተከበረ መሰለን።

እዚህ ላይ አንባቢ ነገሩን ከእኔ ቀድሞ አይቶታል። እኔም አላየሁትም ብዬ አልምልም። ፕሮግራሟን ስጽፋት ሁሉም ሰው ሥራውን በገዛ እጁ እንደሚያስገባ አድርጌ ጻፍኳት፤ የራሴን ፍላሽ ግን በየቀኑ እሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ ነበር። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ አላሰብኳቸውም። ማሰብም አልፈለግኩም መሰለኝ።

ፕሮግራሟ ሥራ ከጀመረችበት ከጥምቀት ማግስት አንስቶ እስከ ዘመን መለወጫ ቢልዱ ሲወድቅ ሰው አይሰማም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይነሳል። ክፍሉ ሰላም ሆነ። ፕሮግራሜ ሰዉን ጠንቃቃ አደረገው ብዬ ለማንም ጎብኚ አስረዳ ነበር። አንዱን ጎብኚ፣ ከሌላ ወረዳ የመጣ ትልቅ ሰው፣ ማንጎ እየላጠ ሳለ ግማሽ ሰዓት አቁሜ እንዳስረዳሁት ትዝ ይለኛል። ማንጎው እጁ ላይ ደረቀ።

መስከረም ውስጥ ዓመታዊው ግምገማ መጣ። ግምገማን ለማያውቅ፣ ሠራተኛ በሙሉ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ በየተራ ይነሳና መጀመሪያ ራሱን ይተቻል፣ ከዚያ ሌላው ይተቸዋል። ግለ ሂስ የሚባለውን ያላደረገ ሰው ትዕቢተኛ ይባላል። ያደረገ ደግሞ ያመነው ሁሉ ይጻፍበታል። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ፤ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ቃለ ጉባኤ ሁልጊዜ ለእኔ ነው።

ኃላፊያችን የወለጋ ሰው ነው፤ ረጋ ያለ፣ ጸሎተኛ፣ ማንንም ማስቀየም የማይወድ። በእጁ የታተመ ወረቀት ይዟል። የትኬቶቹን ዝርዝር አሳትሞታል። ሠላሳ አንድ ትኬት፤ ሠላሳ አንዱም በአንድ ሰው ስም።

«እኔ አልተናገርኩም» አለ ኃላፊያችን፣ ወረቀቱን እያየ፣ እያዘነ። «ማሽን ነው የተናገረው። ማሽን ደግሞ ዘመድ የለውም፣ አያዳላም።»

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዳር ዞረ። ባልደረባችን ተነሳ። ሸሚዙን አስተካከለ።

«ትኬት ወደ እኔ መጣ» አለ። «ወደ እኔ ከመጣ የኔ ነው። ሁሉ አስተካክያለሁ። ሌላ ዓመት ይቀንሳል፣ ኢንሻላህ።»

ተቀመጠ። እኔ ጻፍኩ፦ «ባለሙያው ድክመታቸውን ሙሉ በሙሉ ተቀብለዋል።» ቃሉን አስታውሰዋለሁ፤ «ሙሉ በሙሉ»ን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ለዓረፍተ ነገሩ ማማር። የቀሩት አራቱ ጣሪያውን ያያሉ። ከእነሱ አንዱ ቢናገር እኔም እናገር ነበር ብዬ ራሴን ሳጽናና ቆየሁ። እነሱም ስለ እኔ እንደዚያው ሲሉ ይሆናል። ከዚያ ውሳኔው ተነበበ፤ መደቡ በማስታወቂያ ይወጣል፣ የእሱ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ሲያልቅ አይታደስም። ሁላችንም ፈረምን። እሱም ፈረመ፤ እስክሪብቶዬን ተቀብሎ፣ ፈርሞ፣ አመስግኖ መለሰልኝ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ እስከ ማታ እንኳ ሳይቆይ ነቀዘ።

ቃለ ጉባኤው ማስረጃ ይያያዝበት ስለተባለ ከሰዓት በኋላ ትኬቶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ማተም ጀመርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጣቸውን አየሁ። የመጀመሪያው፦ «የባለይዞታ ፎርም፣ የአዋሳኝ ስም ሳጥን አይቀበልም።» ያን ፎርም ከእኔ ሌላ የነካው ሰው የለም። ከሥሩ የእሱ መልስ አለ፦ «ተስተካክሏል።» ሌላ ቃል የለም። ሁለተኛውን አለፍኩት፤ የካርታው ነው። ሦስተኛው የእኔ። እንዲህ እያልኩ ሰባት ስደርስ መቁጠር ተውኩ፤ የቀሩትን ሳላነብ አተምኳቸው። ሁሉንም ያረማቸው እሱ ነው። ብልሽቴን የምትልክለት እኔው የሠራኋት ፕሮግራም፣ የሚያርመው እሱ፣ ተመስጋኟ እኔ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ቅዳሜ መንደር ወርጄ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ከወሎ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ አነጋገሩ ግን ትናንት የመጣ ነው የሚመስለው። በቆሎ እየፈለፈለ አዳመጠኝ።

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄው ነው» አለ። «ሰውየውን አነጋገርሽው?»

«አይ፣ ገና ነው።»

«ታዲያ እኔን ምን አስቀመጠሽ?»

ቂም ይዤ ተመለስኩ፤ በአባቴ ሳይሆን በራሴ።

ሰኞ ጠዋት ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ከእሱ ቀጥሎ እዚያ ወንበር ላይ ለሚቀመጠው ሰው የሥራ ማስረከቢያ እየጻፈ ነበር፤ ፍላሽ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ።

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። በቁጣ ነበር ያልኩት፤ ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁት እኔ።

«ምን ልበል እህቴ? ሰው ፍላሽ ሰጠኝ፣ አስገባሁ። አሁን ተነስቼ ይሄ ሰውዬ ነው፣ ያ ሰውዬ ነው ልበል?»

«ትኬቱ ግን ዋሽቶብሃል።»

«ትኬት አልዋሸም» አለ። «ፎርሙ ተበላሽቶ ነበር፣ እውነት ነው። ስሙ ብቻ ነው ልክ ያልሆነ።» ማስረከቢያውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ቀጠለ፦ «እኔ ትኬት እወዳለሁ፣ ወላሂ። እዚህ ስመጣ የኔ ሥራ ሲበላሽ ሰው አይነግረኝም። ይስቃል። ‹ጎበዝ› ይለኛል። እኔ ሁልጊዜ ጎበዝ ነኝ፣ ሥራው ግን አይሠራም። ትኬት ሲመጣ ምን እንደተበላሸ ነገረኝ፣ መስመሩ ነገረኝ። የናንተ ሥራ ሳስተካክል ብዙ ተማርኩ።»

«ጎበዝ» ስንለው ድምፃችን እንዴት እንደነበረ ያን ጊዜ ሰማሁት። ሕፃን እንደሚባለው ነበር። እርስ በርሳችን የያዘን ይሉኝታ ነው፣ ለእሱ ግን ከይሉኝታም የባሰ፤ ስህተቱን የሚነግሩት ሰው አድርገን እንኳ አልቆጠርነውም ነበር።

ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁና ቃለ ጉባኤው ይቀደድ አልኩ። መነጽሩን አወለቀ። «የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አይቀደድም፤ በቃለ ጉባኤ ነው የሚሻረው» አለና ለረቡዕ ሁለተኛ ስብሰባ ጠራ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው፤ ለመሳሳትም ለመታረምም ሥርዓት ይፈልጋል።

ረቡዕ ጽሕፈቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ተነሳሁ። በልጅነቴ ከመምህር ጋር ተጣልቻለሁ፣ ከሹፌር ጋር ተጣልቻለሁ፣ ከራሴ ጋር ግን ተጣልቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ተጣላሁ። ፕሮግራሟ ስም የምትሰጥበት ደንብ ስህተት እንደሆነ፣ ሁላችንም ፍላሻችንን ለአንድ ሰው እያስረከብን በእሱ ስም ስናስገባ እንደከረምን፣ ይህንንም እያወቅኩ ቃለ ጉባኤ እንደጻፍኩበት ተናገርኩ። «ከሠላሳ አንዱ ደግሞ ሰባቱ የእኔ ናቸው» ብዬ ጨረስኩ።

ጣሪያው እንደገና ይታይ ጀመር።

ኃላፊያችን ወደ መስኮቱ ዳር ዞረ። «እስቲ ማሎ» አለ፤ በኦሮምኛ እባክህ ማለቱ ነው። «አንተ ተናገር። ሰባቱ የእሷ ናቸው?»

ባልደረባችን ተነስቶ ሸሚዙን አስተካከለ። ከዚያ «አይደለም» አለ።

አሁንም ሊሸፍነኝ ነው፣ አልኩ በልቤ። መደቡም ሄደ፣ የተከራየው ቤትም ባዶውን ቀረ።

«ሰባት አይደለም» አለ። «አሥራ አንድ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊያችን ሳይቀር፣ አፉን በወረቀቱ ሸፍኖ። ከሳቁ መሃል ማተሚያውን የሚጽፈው ባልደረባችን እጁን አወጣና «አምስት የእኔ አለ፣ ካልተጨመረብኝ» አለ። የካርታው ሰው ቀጠለ። ሳቅ ይሉኝታን እንዴት እንደሚፈታ ያን ቀን አየሁ፤ አራቱም ተናገሩ፣ እየተነሱ፣ በራሳቸው አፍ። እሱ ማንንም በስም አልጠራም። ሲሳሳቱ ብቻ ቁጥር ያርም ነበር። ሁሉም ሲደመር ለእሱ የቀረው ሁለት ትኬት ነው።

አዲሱ ቃለ ጉባኤ የድሮውን ሻረ። መደቡ ለእሱ እንዲሆን ተወሰነ። ፕሮግራሟም የሥራውን ባለቤት ሳትጠይቅ ስም እንዳትሰጥ ተባለ፣ ይህ ለእኔ የተሰጠ ሥራ ነው። በተጨማሪም ማንም ከተቀመጠበት እንዳይነሳ መስኮቱ ዳር ሁለተኛ ወንበር እንዲቀመጥ ተወሰነ። ወንበር በቃለ ጉባኤ ሲታዘዝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ስብሰባው ሊበተን ሲል ኃላፊያችን አንድ ነገር ከነከነው። «እሷ ሰባት ነው የምታውቀው» አለ። «አራቱን ራሷም አታውቃቸውም ማለት ነው?»

ባልደረባችን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሦስቱ ጥቃቅን ነበሩ፤ የተዘለለ ሳጥን፣ የማይከፈት ዝርዝር። አራተኛው ጣት ላይ ቆም አለና ወደ እኔ አየ፣ ይናገር ይተው እንደሚያስብ ሰው። ተናገር አልኩት።

«ጳጉሜ» አለ። «እሷ የቀኑ ሳጥን ላይ ወር አሥራ ሁለት ነው ብሎ ጻፈ። ጳጉሜ ረስቶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሰርቨር የዛሬ ቀን ሞከረ፣ ሳጥኑ እምቢ አለ፣ ቢልድ ወደቀ፣ ትኬት መጣ፣ እኔ ጨመርኩ።»

ሌሎቹ እንደገና ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። በጳጉሜ ዝናብ ካልታጠብኩ አዲስ ዓመት የማይገባ የሚመስላት እናት ያሳደገችኝ ነኝ። ሳጥኔ እንደነበረ ቢቀር ኖሮ በእነዚያ ቀናት ከየገጠሩ በእግሩ መጥቶ መስኮቱ ላይ የሚሰለፈው ገበሬ ሁሉ «ዛሬ የሚባል ቀን የለም» ተብሎ ይመለስ ነበር። አንድም ሰው አልተመለሰም። ትኬቱ በስሙ ሲመጣለትም፣ ተቀምጦ አሥራ ሦስተኛውን ወር ሲጨምርልኝም፣ እኔ ለበዓሉ ፈቃድ ወስጄ መንደር ነበርኩ።